ለኑርሀያት ጠረጴዛ አራተኛ ሰው

ኑርሀያት ማክሰኞና ቅዳሜ ከቀትር ጀምራ ሰው ትቆጥራለች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥባት፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሣባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ከሱቋ ደጃፍ ቆማ፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ ትደውላለች። «አያ ኸሚስ ይመጣሉ? ባድሩ ከውጫሌ ተመለሰ? ኢቲሳም ልጇን ማን ይይዝላታል?» ቁጥሩ ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ሲሞላ ፊቷ ይፈታል። ሰባት ወይም አሥራ አንድ ላይ ሲቆም ግን አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ትክ ብላ ማየት ትጀምራለች።

ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ የአራት ሰው ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ደግሞ ሌላ ወገን። አንድ ሰው ከቀረ የቀሩት ሦስቱ ተያይተው ከመቀመጥ በቀር የሚያደርጉት የላቸውም። ስለዚህ የኑርሀያት ሐሳብ ዘወትር ያ አራተኛ ሰው ነው።

የጎረቤቴ የመስኡዳ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቤይሩት ሄደች፤ አሥራ ስድስት ዓመት አንዲት አሮጊት ቤት ሠራች። ማዳም የምትላት እመቤቷ ሐሙስ ሐሙስ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ብሪጅ ትጫወት ነበር። አንደኛዋ ጓደኛ ታማ አልጋ ላይ ስትውል፣ ሦስቱ ሴትዮዎች ሁለት ሳምንት እንዲሁ ፈዘው ከረሙ። በሦስተኛው ሐሙስ ማዳም ኑርሀያትን ከማድ ቤት ጠራቻትና «እጅሽን ታጠቢና ተቀመጪ» አለቻት።

«እማ ሀጀራ፣» አለችኝ አንድ ቀን ስታጫውተኝ፣ «ያን ሦስት ሰዓት ማንም አላዘዘኝም። እንዲያውም ማዳም ስትሳሳት እኔ እቆጣት ነበር። ካርታው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ብርጭቆውን አጥባለሁ። ሐሙስ እስኪመለስ ግን ስድስቱን ቀን አይከብደኝም።»

ማዳም ስትሞት ኑርሀያት ወደ አገሯ ገባች፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሱቋን ከፈተች፣ የእናቷን ጣሪያ አሳደሰች፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ካርታ ይዛ ቤቴ መጣች። እናቷ መስኡዳ፣ ክሊኒክ ሠርታ ጡረታ የወጣችው ሰርካለምና እኔ ቁጭ ብለን ነበር።

«አራት ነን፣» አለች ኑርሀያት።

«ለምኑ?» አለች መስኡዳ።

«ለጨዋታ።»

«ካርታ? አሮጊት ሆኜ ካርታ? ወላሂ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል!»

«ብር የለበት፣ ሌላ ነገር የለበት። በጭንቅላት ብቻ ነው።»

«ጭንቅላቱ ካለን፣» አለች ሰርካለም፤ መነጽሯን ግን ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር።

እኔ ፊደል የለየሁት ከስድሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ ካርታው ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል አስፈርቶኝ ነበር። ኑርሀያት ግን ፊደሉን ተይው፣ ፊቱን እዪ አለችኝ። ይሄ ንጉሥ ነው፣ ይቺ ንግሥት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አስ። ልብ፣ አልማዝ፣ አበባና ቅጠል የሚባሉ አራት ቀለሞች አሉት። ሁላችንም በተራ አንዳንድ ካርታ እንጥላለን፤ በተጣለው ቀለም ትልቁን የጣለ ዙሩን ይወስዳል። ከመጀመራችን በፊት ስንት ዙር እንደምንወስድ እንናገራለን፤ አለቀ። አለቀ ያልሁት እንዲያው ነው እንጂ፣ ይኸንን ለመልመድ ክረምቱ በሙሉ አልበቃንም።

ከአንድ ጠረጴዛ ሦስት የደረስነው በአንድ ዓመት ነው። ቤት ስለጠበበን የቅሬው ዕቃ ቤት ተፈቀደልን። ቅሬ ለቀብርና ለሐዘን የምንረዳዳበት ማኅበራችን ነው፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚው ይቀመጣል። እኛ ከቀትር ወዲያ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ገብተን፣ ድስቶቹን ወደ ጥግ ገፋ አድርገን፣ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ እንጫወታለን።

ኑርሀያት ሰው አያያዝ ታውቃለች። ባልና ሚስት ፊት ለፊት አታስቀምጥም፤ አንድ ጊዜ አስቀምጣ ባልየው ሌሊቱን ሶፋ ላይ አድሯል ተብሏል። አዲስ ሰው ሲሳሳት በሰው ፊት አትነግረውም፤ በማግስቱ ሱቁ ወይ ቤቱ ድረስ ሄዳ ሰላም ብላ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቃ፣ ልትወጣ ስትል ነው «ትናንት ያቺን ንግሥት ትንሽ ብታቆያት ኖሮ» የምትለው። ሰርካለም በመስከረም ማርያምን ለመሳለም ግሸን ስትወጣ በእርሷ ቦታ የሚቀመጠውን ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ታዘጋጃለች። በረመዳን እንዘጋለን፤ ከዒድ በኋላ ግን ማን እንደሚመለስ ዝርዝሩ በጇ ነው።

ያላሰበችው ችግር የመጣው ከይሉኝታ ነው።

ኢቲሳም አስተማሪ ናት፤ ጎበዝ ልጅ፣ በአንድ ሳምንት ነው ጨዋታውን የያዘችው። ዓሣ ማስገሩን የተዉት አያ ኸሚስ የባሏ አባት ናቸው። አንድ ቅዳሜ እርሳቸው የልብ ንጉሥ ጣሉ። ቀጥላ እርሷ ትንሿን፣ የልብ ሁለት ቁጥርን ጣለች። ዙሩን አያ ኸሚስ ወሰዱት። ጥቂት ቆይቶ ከኢቲሳም እጅ የልብ አስ ወጣ።

ከእርሷ ጋር አንድ ወገን የነበረው ባድሩ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ጭንቅላቱን ያዘ። «አስ ይዘሽ ነው ንጉሡን ያሳለፍሽው?»

«አባቴ ንጉሥ አስቀምጠው እኔ በላያቸው ላይ ልጣል?» አለች ኢቲሳም፤ ፊቷ ደም መስሏል።

«ጣይ እንጂ ልጄ፣» አሉ አያ ኸሚስ፣ «ጨዋታ አይደል።»

በሚቀጥለው ዙር ጣለችባቸው። አያ ኸሚስ ፊታቸውን ወደ ድስቶቹ አዞሩ። እስከ መግሪብ ድረስ አልተነፈሱም።

ጠጋ ብለን ስናየው ለካ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ሰዉ ታላቁን ማሸነፍ ያፍራል፣ እንግዳ ማሸነፍ ያፍራል፣ ሐዘን ላይ ያለውንማ ጭራሽ አይነካውም። ኑርሀያት ምክር ጠየቀችኝ። በኛ አገር ሰው የሚያስቀይም ነገር ሊናገር ሲል «አፉ በሉኝ» ይላል፣ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው፤ እሱን ብለው ካርታውን ይጣሉ አልኋት። ለአንድ ሳምንት ሠራ። ኋላ ግን ኢቲሳም «አፉ በሉኝ» ስትል እጇ ላይ ትልቅ ካርታ እንዳለ ሁሉም ያውቅባት ጀመር።

ስለዚህ ኑርሀያት ነገሩን ወደ መጀመሪያው አዞረችው። ካርታ ከመታደሉ በፊት አራታችን እንተያይና «አፉ በሉኝ» እንባባላለን፤ «አፉ ብያለሁ» እንመላለሳለን። የዚያን ቀን ማንም በማን ላይ ቢጥል ቅያሜ የለም። ከዚያ ወዲህ ኢቲሳም አማቷን ያለ ርኅራኄ ታሸንፋቸዋለች፤ እርሳቸውም «ይቺን ለልጄ እኔ ነኝ የዳርሁለት» እያሉ ይስቃሉ።

ሁለተኛውን ችግር ያመጣው ባድሩ ነው። ሳዑዲ፣ ጂዛን ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ደግ፣ ሰው ማብላት የሚወድ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ የእርሱ ጠረጴዛ ሲያልቅ «የተሸነፈ ዓሣ ያበላል!» አለ። ወደ ሐይቁ ወርደው የተጠበሰ ዓሣ በሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስቱም ጠረጴዛ ወረደ። የተሸነፉት ከፈሉ፣ ያሸነፍነው በላን። አዎን፣ እኔም በልቻለሁ፤ ጣቴን እየላስሁ። ከመካከላችን ይኸ ነገር ውርርድ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ግብዣ ነው የመሰለን።

በወሩ የቅሬ ስብሰባ ነገሩ ተነሣ። የቅሬው ዳኛና ሰብሳቢ አያ ሙሐመድሁሴን፣ እህል ነጋዴው፣ ቁጡ ባይሆኑም ቀልድ አያውቁም።

«ኑርሀያት፣» አሉ፣ «በቅሬው ቤት ቁማር አለ ይባላል።»

«ብር የለም፣ አያ።»

«ዓሣስ?»

ሰው ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። እኔ አጠገቧ ነበርሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እርሷ እንኳ አልነበረችም፤ አላውቅም ብትል ማንም አይመሰክርባትም።

«ዓሣ ነበረ፣» አለች። «ሁለት ቅዳሜ። በሁለተኛው እኔም በልቻለሁ።»

ባድሩ ዘሎ ተነሣ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት! ጂዛን እያለን ካርታ ስንጫወት የተሸነፈ...»

«የጂዛንን ወሬ ለጂዛን። ተቀመጥ! የተሸነፈ ሲከፍል፣ ያሸነፈ ሲበላ፣ ይኸ ምን ይባላል?»

«ግብዣ፣» አለ ባድሩ።

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እንዲመለስ ተወሰነ። ኑርሀያት ቁልፉን ከቀበቶዋ ፈትታ፣ በሁለት እጇ አድርጋ ሰጠቻቸው።

በዚያው ሰሞን የማዳም ልጅ ከቤይሩት ደወለችላት። እርሷም አርጅታለች፤ የምታውቀው ሰው ቤቷ እንዲሆን ትፈልጋለች። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱን ሁሉ እኔ እጨርሳለሁ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ መልስሽን ስጪኝ አለቻት። ኑርሀያት ይኸንን ለእናቷ የነገረቻት እኔ ባለሁበት ነው።

«ጨዋታው ከቆመ፣» አለች፣ «እዚህ ሱቅ ከፍቼ ሱቅ ለመዝጋት ብቻ ነው የምኖረው። እዚያም ሥራ ነው፣ እዚህም ሥራ ነው። ጨዋታው ከቀጠለ እቀራለሁ።»

መስኡዳ ልጇን አንድም ቃል አላለቻትም። ስትወጣ ጠብቃ ለእኔ ነው የተናገረችው። «ሂጂ አልላት፣ ቅሪ አልላት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ ነው ያሳደግኋት። አራተኛ ሰው ፈልጊላት፣ ሀጀራ።»

ኑርሀያት እጇን አጣምራ አልተቀመጠችም። የሰው አፍ እንዲዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ ማን ስንት እንዳሸነፈ የሚጻፍበትን የነጥብ ወረቀት ጨዋታው ሲያልቅ ትቀድደው ጀመር። ቦታውን ደግሞ በየቤቱ በተራ አደረገችው። ይኸኛው ግን ክፉኛ ጎዳን።

መስኡዳ ቤት ሻይና ዳቦ ነበር። እኔ ቤት ሻይ፣ ዳቦና ቆሎ። ኢቲሳም ተራዋ ሲደርስ ሁለት ዶሮ ሠራች። ከእርሷ ቀጥሎ የነበረው ሰው ከኢቲሳም አላንስም ብሎ በግ አረደ። ያን ቀን ስንበላ መሸብን፤ ካርታው ከነመያዣው ሳይከፈት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተራው የአያ ኸሚስ ሆነ። እርሳቸው ባለቤታቸው ከሞተች ወዲህ ሐይቁ ዳር አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቀሩ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ያለችው ወገቧን አመማት። የሚቀጥለው ራሱን።

«ሠላሳ ዓመት ክሊኒክ ሠርቻለሁ፣» አለች ሰርካለም፣ «እንዲህ በተራ የሚይዝ በሽታ አይቼ አላውቅም።»

«ውኃ ብቻ አቅርቡ አልኋቸው እኮ፣» አለች ኑርሀያት።

«ሰው ቤቴ መጥቶ ውኃ ጠጥቶ ይሂድ?» አለች መስኡዳ፤ እናት ሆና እንኳ ይቺን አልዋጠችላትም።

በኅዳር መጀመሪያ ሰርካለም ልጇን ልታርስ ደሴ ሄደች። በዚያ ቅዳሜ ኑርሀያት ቤት የተገኘነው እናቷ፣ እርሷና እኔ ነን። ካርታውን በውዛ ለአራት አደለችው። አራተኛው ድርሻ ባዶው ወንበር ፊት ተቀምጦ ቀረ። ትንሽ አየችውና መልሳ ሰበሰበችው።

በማግስቱ ነጠላዬን ለበስሁና «ተነሺ፣ አያ ሙሐመድሁሴን ዘንድ እንሂድ» አልኋት። እህል መጋዘናቸው ደጃፍ ጤፍ ሲያስመዝኑ አገኘናቸው።

«አያ፣» አለች፣ «ቁልፉን ይስጡኝ አልልም። አንድ ቀን ብቻ መጥተው ይዩን። ካዩ በኋላ ዝጊው ካሉኝ እኔው እዘጋዋለሁ።»

«ካርታ ልይ? በዚህ ሽበቴ?»

«እኛም ሸብተናል፣» አልሁ እኔ።

ከንፈራቸው ሳቅ አለ። ለረጅም ጊዜ ጤፉን በእጃቸው ዘገን እያደረጉ ሲመልሱት ቆዩ። «ስለ ዓሣው ዋሽተሽ ቢሆን ኖሮ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «አሁን ቆሜም አላነጋግርሽም ነበር። ማክሰኞ እከፍታለሁ። አንድ ቀን ነው።»

ያን ማክሰኞ ኑርሀያት ከጠዋት ጀምራ ደወለች። በየቤቱ ሳይሆን ዕቃ ቤቱ መሆኑን ሲሰሙ አያ ኸሚስ «ጉልበቴ ዛሬ ተሻለኝ መሰል» አሉ። ወገቡም ራሱም ዳነ። ሰርካለም ሕፃኑን ለልጇ አማቶች ትታ በሚኒባስ ከደሴ መጣች። ከኑርሀያት ጋር ልክ ስምንት ሆንን።

አያ ሙሐመድሁሴን በድስቶቹ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን አወጡ። እኛ ተያይተን «አፉ በሉኝ» ስንባባል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ኑርሀያት ጀርባዋን ሰጥታቸው ነበር የተቀመጠችው፤ ካርታውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ በወዘችው።

መጀመሪያ ሁሉም ጨዋ ሆነ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መስኡዳና ባድሩ ተነካከሱ።

«ያችን አበባ ለምን ያዝሃት? ልትቀብራት ነው?»

«እርስዎ ቅጠል ይጥላሉ ብዬ ነዋ!»

«እኔ ቅጠል የለኝም! ሰው ነኝ፣ ዛፍ አይደለሁም!»

አያ ሙሐመድሁሴን ሙስበሃቸውን አቆሙ። «ባድሩ፣» አሉ፣ «ብታሸንፍ ምን ታገኛለህ?»

«ነጥብ።»

«ነጥቡስ ምን ይሆናል?»

«ማታ ኑርሀያት ትቀድደዋለች።»

«እና በባዶ ነው የምትጨቃጨቁት?»

«በባዶ ነው፣ አያ፣» አለች መስኡዳ፤ ዓይኗን ከካርታው አላነሣችም።

ዳኛው ወደ አያ ኸሚስ ጠረጴዛ ዞሩ። ኢቲሳም የአማቷን ንጉሥ በአስ ስትበላ አዩ። አያ ኸሚስ «አይ ልጅ!» ብለው ጭናቸውን ሲመቱም አዩ። እኒያ ሰው ከባለቤታቸው ቀብር ወዲህ ድምፃቸው ያን ያህል ከፍ ብሎ የሰማቸው ያለ አይመስለኝም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ የባድሩ ወገን ሊያሸንፍ አንድ ዙር ቀረው። ካርታውን ሊጥል እጁን ሲያነሣ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ኑርሀያት የራሷን ካርታ ገልብጣ አስቀመጠች።

«አንዲት ዙር!» አለ ባድሩ። «ኑርሀያት፣ በአላህ፣ አንዲት!»

«አልቋል።»

«እኮ አሸንፌያለሁ!»

«እሺ አሸንፈሃል፤» አለችና ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደችው። ወንዶቹ ወደ መስጊድ ወጡ። እኛ ሴቶቹ ወንበሩን ሰብስበን፣ ድስቱን ወደ ቦታው መልሰን፣ ሰላታችንን እዚያው አንድ ጥግ ሰገድን። ሰርካለም ካርታውን እየቆጠረች ጠበቀችን።

አያ ሙሐመድሁሴን ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ ቆሙ። ቁልፉ በእጃቸው ነበር።

«ደስ ብሎኛል አልልም፣» አሉ። «ካርታ አልወድም፤ ወደፊትም አልወድም። ግን የምከለክልበት ነገር አላየሁም። ሐዘን ባለ ቀን ጨዋታ የለም። አዛን ሲጠራ ትበተናላችሁ። የሚበላ ነገር እዚህ ቤት አይገባም፤ ከዚህም ወጥታችሁ የተሸነፈ አያበላም።»

«ሻይስ?» አለች መስኡዳ።

አሰቡ። «ሻይ ይግባ።»

«ስኳር ያለው?» አለ ባድሩ።

«አንተ ውጣ!» አሉት፤ ቁልፉን ግን ለኑርሀያት ዘረጉላት።

ኅዳር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ሦስት ጠረጴዛ ሞልቶ ተቀምጠናል። ካርታ ታድሎ፣ ማን ስንት ዙር እንደሚወስድ እየተናገርን ሳለ የኑርሀያት ስልክ ጮኸ። የቤይሩት ቁጥር ነበር። ካርታዋን ገልብጣ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። በዐረብኛ ረጋ ብላ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገረች፤ አንድ ጊዜ ሳቀች፣ አንድ ጊዜ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። መስኡዳ ዐረብኛ አትሰማም። ካርታዋን እንደ ማራገቢያ ዘርግታ ይዛ፣ የልጇን ጀርባ ታያለች።

ኑርሀያት ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምን አልሻት?» አለች እናቷ።

«አልመጣም አልኋት።»

መስኡዳ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ካርታዋን አስተካከለችና «እንግዲያው ተናገሪ እንጂ፣ ተራው ያንቺ ነው» አለቻት።